ቴስቶስትሮን ጀምረው ለውጥ ካጡ፦ መጠኑን ከመጨመርዎ በፊት

ወራት አልፈዋል። መርፌውን በቀኑ ይወጋሉ ወይም ጄሉን በየጠዋቱ ይቀባሉ፤ የላቦራቶሪው ወረቀትም ቴስቶስትሮንዎ ከፍ ማለቱን ያሳያል። እርስዎ ግን ያው ነዎት። ከምሳ በኋላ ዓይንዎ ይከደናል፣ ሥራ ያስጠላዎታል፣ መኝታ ቤት ውስጥም የተለወጠ ነገር የለም። እዚህ ሲደርሱ ብዙ ወንዶች «መጠኑ አንሶኝ ይሆናል» ይላሉ፤ የሚጨምርላቸውም አያጡም።

ከመጨመርዎ በፊት የሚከተለውን በቅደም ተከተል ይሂዱበት። ከተራ ቁጥር አንድ የሚጀመረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀደም ያለው ጥያቄ ከተመለሰ የኋለኛው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። መነሻ ሐሳቤ ይህ ነው፦ በብዙ ወንዶች ላይ ድካሙን ያመጣው የቴስቶስትሮን ማነስ አይደለም፤ ድካሙንም ማነሱንም አንድ ላይ ያመጣ ሌላ ነገር አለ። ሆርሞኑን ከውጭ ሲሞሉት ቁጥሩ ይስተካከላል፣ ያ ሌላው ነገር ግን እንዳለ ይቀጥላል። ይህን እስኪያጣሩ ድረስ በራስዎ ውሳኔ አይጨምሩም፣ አያቆሙምም።

1. የመጀመሪያውን የምርመራ ወረቀት ፈልገው ያውጡ

የአሁኑን ሳይሆን ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የተደረገውን ነው የምለው። ስንት ጊዜ ተለካ? ስንት ሰዓት ላይ? አብሮትስ ምን ተለካ?

ቴስቶስትሮን በቀን ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ከፍ የሚለው ጠዋት ነው፤ ምግብ ሲበላ ይቀንሳል፤ በዚያ ሰሞን ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ከነበረም ይወርዳል። ስለዚህ ደሙ የሚሰጠው በባዶ ሆድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በውጭ አገር ያላችሁ ከ7 እስከ 10 በሉት። ኢንዶክሪን ሶሳይቲ የተባለው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ባወጣው መመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ ወንድ እጥረት አለበት የሚባለው ምልክትም ሲኖረው፣ ቁጥሩም ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች ዝቅ ብሎ ሲገኝ ነው። ምሳ በልተው፣ ከሥራ ሲመለሱ ጎራ ብለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተለክተው የጀመሩት ሕክምና ከሥሩ ይጠረጠራል።

ቁጥሩን ሲያነቡ መለኪያውን አብረው ያንብቡ። አንዱ ላቦራቶሪ በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በናኖግራም በሚሊሊትር፣ ሦስተኛው በናኖሞል በሊትር ይጽፋል። መመሪያው ለጤነኛ ወጣት ወንዶች የታችኛ ወሰን ያደረገው 264 ናኖግራም በዴሲሊትር ነው፤ ይኸው መጠን በሁለተኛው መለኪያ 2.64፣ በሦስተኛው 9.2 ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ወሰኑን 300 ላይ ያደርገዋል። 290 የወጣለት ሰው በአንዱ መመሪያ ጤነኛ፣ በሌላው ታማሚ ነው ማለት ነው። እንዲህ ድንበር ላይ ያለ ቁጥር ብቻውን ለዕድሜ ልክ መርፌ በቂ ምክንያት ነው ብዬ አላምንም።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ይፈልጉበት። የመጀመሪያው ኤስኤችቢጂ ነው፤ ቴስቶስትሮንን አጣብቆ በደም ውስጥ የሚያጓጉዝ ፕሮቲን። በውፍረትና በስኳር ሕመም ይቀንሳል፤ በዕድሜ፣ በጉበት በሽታና በኤችአይቪ ይጨምራል። ስለዚህ ወፍራም ሰው ላይ ጠቅላላው ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ ሰውነት የሚጠቀምበት ነጻው ቴስቶስትሮን ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ከቫይረሱ ጋር በሚኖር ሰው ላይ ተቃራኒው ያጋጥማል፤ ጠቅላላው ደህና ይመስላል፣ ነጻው ግን አንሶ ይገኛል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን ይወስዱ ከነበረም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አንዳንድ የሆርሞን መመርመሪያዎችን ያሳስታል።

ሁለተኛው ኤልኤች ነው። ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ እጢ ወጥቶ ቆለጥን ወደ ሥራ የሚያነሣሣው ሆርሞን ይህ ነው። ቴስቶስትሮን አንሶ ኤልኤች ከፍ ካለ ችግሩ ከቆለጡ ነው፦ ካደጉ በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ ሲወለዱ የነበረ የክሮሞዞም ልዩነት፣ ጉዳት፣ የካንሰር ሕክምና። ኤልኤችም ካልጨመረ ችግሩ ከላይ፣ ከፒቱታሪ ወይም ሰውነትን ከያዘ ሌላ ነገር ነው፤ ፕሮላክቲንም መለካት ነበረበት። ፒቱታሪ ላይ የበቀለ እባጭ ፕሮላክቲንን ከፍ አድርጎ ፍላጎትን ሊገድል ይችላል፤ ራስ ምታትና የእይታ መጥበብ ካለ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም። ኤልኤች ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ቢለካ ምንም አይናገርም፤ መርፌው ራሱ ያጠፋዋል።

ከሁሉም በላይ ሰው የማይነገረው ይህንኑ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ታንከር ተንሳፋፊ አለው፤ በጀሪካን ከላይ ቢጨምሩበት ተንሳፋፊው ከፍ ይልና የቧንቧውን ውሃ ይዘጋዋል። ሰውነትም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ ቴስቶስትሮን ሲገባ ፒቱታሪ ኤልኤች መላኩን ያቆማል፣ ቆለጡም ሥራ ይፈታል። ቀድሞውኑ ደህና የሚያመርት ሰው ከውጭ ሲወስድ የራሱን በመድኃኒት ተካው እንጂ በላዩ ላይ አልጨመረም። ለውጥ ባያይ ምን ይገርማል?

2. የትኛው ምልክት እንዲሻልዎት ነበር የጀመሩት?

ወረቀት ላይ ይጻፉት። «ድካም»፣ «ፍላጎት ማጣት»፣ «ብልት አለመቆም»፣ «ብስጭት»፣ «የመርሳት ነገር»፤ ያለውን ሁሉ። ከዚያ ከሚከተለው ጋር ያስተያዩት።

በ2010 የወጣ አንድ የአውሮፓ ጥናት በ8 ከተሞች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 የሆነ 3,369 ወንዶችን መርምሮ ነበር። ብዙ ምልክቶች ከቴስቶስትሮን ጋር ተያይዘው ቢጠየቁም ከማነሱ ጋር በርግጥ ተሳስረው የተገኙት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የወሲብ ናቸው፦ የጠዋት መነሣሣት መቀነስ፣ የወሲብ ሐሳብ መቀነስ፣ የብልት አለመቆም። ድካም ዝርዝሩ ውስጥ የገባው እንደ ደካማ ተከታይ ነው። ሦስቱ ምልክቶችና ዝቅተኛ ቁጥር አንድ ላይ የተገኙባቸው ወንዶችም ከመቶ 2 ገደማ ብቻ ነበሩ።

ሕክምናው ሲሞከርስ? በ2016 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን፣ ቁጥራቸው በትክክል ዝቅተኛ የነበረ 790 ወንዶችን በሁለት ከፍሎ፣ ለግማሹ የቴስቶስትሮን ጄል፣ ለግማሹ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ለአንድ ዓመት ሰጠ። የወሲብ ፍላጎትና እንቅስቃሴ በመጠኑ ተሻሻለ፤ መሻሻሉም ወደ ዓመቱ መጨረሻ እየቀነሰ ሄደ። ስሜትና ድብርት ትንሽ ለውጥ አሳዩ። ዋናው የጉልበትና የድካም መለኪያ ግን ከአምሳያው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም፤ የማስታወስ ችሎታም አልተሻሻለም። እንግዲህ በትክክል እጥረት የነበረባቸው ሰዎች ውጤት ይህ ከሆነ፣ ድካም ብቻ ጽፈው የጀመሩ ሰው ያልተሻላቸው መድኃኒቱ ስላልሠራ ሳይሆን ሥራው ስላልሆነ ነው።

ብልት አለመቆምን ለብቻው አየዋለሁ። ፍላጎት እያለ አልቆም የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ የደም ሥር ጉዳይ ነው፤ ስኳር፣ ደም ብዛት፣ ሲጋራ። ከልብ ሕመም ዓመታት ቀድሞ የሚታይበትም ጊዜ አለ። በዚህ ላይ ቴስቶስትሮን የሚያመጣው ለውጥ ብልት እንዲቆም የሚወሰዱት ሲልደናፊልና መሰሎቹ ከሚያመጡት ያነሰ ነው። ልብዎንና ስኳርዎን ሳይመረመሩ መርፌ ብቻ መጨመር ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው። ደረት ላይ ለሚሰማ ሕመም ናይትሬት የሚወስዱ ከሆነ ግን ሲልደናፊልን አይንኩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ይጥላሉ።

«መጀመሪያ ላይ ግን በጣም ተሽሎኝ ነበር» የሚሉም ብዙ ናቸው። በ1889 ብራውን-ሴካር የተባለ ስመ ጥር የ72 ዓመት ሐኪም ከውሻና ከጊኒ ፒግ ቆለጥ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ ወጣትነቴ ተመለሰ ብሎ በሕክምና መጽሔት አስነገረ። በ2002 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በእርሱው ዘዴ ፈሳሹን አዘጋጅተው ሲለኩት የነበረው ቴስቶስትሮን ምንም ሊሠራ የማይችል ኢምንት ሆኖ ተገኘ። ሰውየው አልዋሸም፤ የተሰማው ተስፋው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርታትም አንዳንዴ ከዚሁ ይመጣል፤ ሲበርድ መጠን በመጨመር አይመለስም።

3. በቂ ጊዜ ሰጥተውታል?

ፍላጎት በ3 ሳምንት አካባቢ ይነቃል፤ ስሜት ከ3 እስከ 6 ሳምንት መለወጥ ቢጀምርም ሙሉ ውጤቱ ወራት ይፈጃል። ለብልት መቆም እስከ 6 ወር፣ ለጡንቻ ከ3 እስከ 4 ወር ይጠበቃል። አጥንት ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሞክሮ «አልሠራልኝም» የሚለው ሰው ቸኩሏል፤ ዓመት የሞላው ግን ተጨማሪ ትዕግሥት አያስፈልገውም።

4. አሁን ያለውን ቁጥር በትክክለኛው ቀን ያስለኩ

በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋው ኤናንቴት ወይም ሲፒዮኔት ከተወጋ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ከተፈጥሮ በላይ ይወጣል፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ ይወርዳል። አንድ ሳምንት ግልፍተኛ፣ አንድ ሳምንት ደካማ መሆን የዚህ ምልክት ነው። በተወጉ በሦስተኛው ቀን ቢለኩ ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ከቀጣዩ መርፌ በፊት ባለው ቀን ቢለኩ ያስፈራል። ለእነዚህ መርፌዎች ደም የሚሰጠው በሁለቱ መካከል፣ በአንደኛው ሳምንት ማብቂያ አካባቢ ነው። ዥዋዥዌው የሚያስቸግርዎት ከሆነ የሁለት ሳምንቱን መጠን ከፍሎ በየሳምንቱ መወጋት ይቻላል፤ ጠቅላላው መጠን ሳይጨምር ብዙ ሰው ይሻለዋል። በየ10 እስከ 14 ሳምንቱ የሚወጋው አንዴካኖኤት የሚለካው ግን ከቀጣዩ መርፌ በፊት ነው።

ጄል ከሆነ ከተቀቡ ከ2 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይለኩ። ቶሎ ታጥበውት፣ ላብ አጥቦት ወይም ቆዳዎ አልመጥም ብሎ ሊሆን ይችላል። በተቀቡበት ቦታ ልጅ አይቀፉ፤ ጄሉ በንክኪ ወደ ሚስትና ወደ ልጆች ይተላለፋል፣ በትንንሽ ልጆችም ላይ ያለ ዕድሜያቸው የጉርምስና ምልክት ያመጣል።

ሐኪሞች የሚያነጣጥሩት በጤነኛ ወንድ መጠን መካከለኛው ላይ ነው። ጂም ውስጥ «1,000 ካልደረሰ አይሰማህም» የሚል ምክር ይሰማሉ፤ ከዚያም መርፌው ጡት እንዳያበቅል ተብሎ ኤስትሮጅንን የሚዘጋ ክኒን፣ አናስትሮዞል፣ ይታከላል። በ2013 ቦስተን ውስጥ የተሠራ ጥናት ወንዶች ላይ ኤስትሮጅን ሲዘጋ የሰውነት ስብ እንደሚጨምርና የወሲብ ፍላጎት እንደሚቀንስ አሳይቷል። አናስትሮዞልን ያለ ጡት ማበጥና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱ ከሆነ የጠፋው ስሜትዎ ምክንያት እዚያው ክኒኑ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

5. ሌላውን ነገር ይፈልጉ

ቁጥሩ በትክክለኛው ቀን መካከለኛው ላይ ከተገኘ፣ ወራትም ካለፉ፣ ድካሙም ካለ፣ ከዚህ በኋላ ቴስቶስትሮንን ተጠያቂ ማድረግ ያበቃል። እዚህ ላይ ነው ጊዜዎን የሚያጠፉት።

ከእንቅልፍ ይጀምሩ። በ2011 ቺካጎ ውስጥ 10 ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት ሌሊቱን 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። በሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ የዋሽንግተን ወይም የዱባይ ወንድማችን ቁጥሩ ቢያንስ ምን ይገርማል? ሚስትዎ «በጣም ያንኮራፋሉ፣ አንዳንዴ ትንፋሽዎ ቀጥ ይላል» የሚሉ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ሌሊቱን ሙሉ ያነቃዎታል እንጂ እርስዎ አያውቁትም፤ ቀን ግን ያንቀላፋሉ። ክብደት መቀነስና በአየር ግፊት የሚሠራው የእንቅልፍ ጭንብል እንዲህ ላለው ድካም ከየትኛውም መርፌ ይበልጣሉ፤ ይባስ ብሎ ቴስቶስትሮን ያልታከመ የትንፋሽ መቋረጥን ሊያባብስ ይችላል።

ሁለተኛው ድብርት ነው፤ ወንዶች በስሙ መጥራት ስለማንወድ ብዙ ጊዜ «ሆርሞን» ብለን እንጠራዋለን። ደስ ይልዎት የነበረ ነገር ካላስደሰተዎት፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅተው መልሰው ካልተኙ፣ መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ የሚሄዱበት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ነው፤ የመጨረሻው ካለ ዛሬውኑ። የትዳር ቅሬታም ሆነ ከአገር ርቆ የመኖር ብቸኝነት በመርፌ አይሸነፉም።

ጫት የሚቅሙ ከሆነ በግልጽ ይናገሩ። ካቲኖን የሚባለው ቅመሙ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሣል፣ ሲበርድ የመንፈስ መውደቅ ያመጣል፣ በማግሥቱ ድካም ይተርፋል። ይህን ዑደት ሳይነኩ ቴስቶስትሮን ሠራ አልሠራ ብሎ መፍረድ አይቻልም። አልኮልም እንዲሁ፤ ቆለጥንም ጉበትንም ይጎዳል።

የመድኃኒት ሳጥንዎን ለሐኪሙ ያሳዩ። ትራማዶልና ሌሎች ኦፒዮይዶች ቴስቶስትሮንን ይጥላሉ፤ ረጅም ጊዜ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ። ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን የመሳሰሉ የድብርት መድኃኒቶች ፍላጎትን ይቀንሳሉ። በራስዎ አያቋርጡ፤ ይለወጥልኝ ብለው ይጠይቁ።

ከዚያ የደም ምርመራ፦ ደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ኤችአይቪ። ሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ። መርፌው ሲታዘዝ እነዚህ ቀድመው አለመታዘዛቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ውፍረት ካለ ክብደት መቀነስ ራሱ የተፈጥሮውን ቴስቶስትሮን ከፍ ያደርጋል፤ በብዙ ወፍራም ወንዶች ላይ ሙሉ ሕክምናው ያ ነው።

6. ሕክምናው ራሱ እየጎዳዎት እንዳይሆን ያረጋግጡ

ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ ሕዋሳት ከደሙ የሚይዙት ድርሻ፣ ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል ወይም ይቀነሳል፤ ደም ሲወፍር ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ድካም ይመጣሉ። ድካሙን ለማከም ተብሎ የተጨመረ መጠን ድካም ሲያመጣ ይታያችሁ። ሕክምናው ከተጀመረ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ መለካት አለበት። መመሪያው ከፍታ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሚታየውን የሄማቶክሪት ወሰን በትንሹ ያላላል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናትና ነገሩ ይመለከተናል። ሆኖም በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች እንደማይለይ አሳይቷል። ስለዚህ ከፍ ያለን ውጤት «የከፍታው ነው» ብሎ ከማለፍ መርፌውን መጠርጠር ይሻላል።

በ2023 ውጤቱ የወጣው ከ5,200 በላይ ወንዶችን ያካተተ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመምና የአንጎል ምት ቴስቶስትሮን በወሰዱት ላይ እንዳልጨመረ አረጋግጧል፤ ይህ መልካም ዜና ነው። የልብ ምት መዛባት፣ ሳንባ ውስጥ የደም መርጋትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ግን በዝተው ተገኝተዋል። ድንገተኛ ትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ እግር ማበጥ ካለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የደም ግፊትዎንና ፕሮስቴትዎንም ያስመርምሩ።

ልጅ መውለድ የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ ይህን ሕክምና ጨርሶ መጀመር አልነበረብዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ኤናንቴትን የወንዶች የወሊድ መከላከያ አድርጎ ሞክሮታል፤ የዘር ፍሬ ምርትን ያን ያህል ያጠፋል። ልጅ ፈልገው ለሚጨነቁ ባልና ሚስት ሌላ መንገድ አለና ዛሬውኑ ለሐኪም ይንገሩ። ከአሜሪካ በሰው እጅ የሚላክ መርፌም ነገር አለ፤ እዚያ በሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ላኪውን ያስጠይቃል፣ እርስዎንም ያለ ክትትል ይተዋል።

7. ከሐኪምዎ ጋር ቀን ቆርጠው ይወስኑ

የጻፉትን ዝርዝር፣ የመጀመሪያውንና የአሁኑን ወረቀት፣ የመድኃኒቶችዎን ስም ይዘው ይሂዱ። ቁጥሩ ለ6 ወር ያህል ተስተካክሎ የጻፉት ምልክት ካልተሻለ «እናቁመው?» ብለው እርስዎ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን የሚያነሣ የለም።

ሲያቆሙ የሚጠብቅዎትን አስቀድመው ይወቁ። ፒቱታሪና ቆለጥ ወደ ሥራ እስኪመለሱ ወራት ይፈጃል፤ ረጅም ጊዜ በወሰዱት ላይ ከዓመት በላይም ሊሄድ ይችላል። በዚያ መካከል ከቀድሞው የባሰ ድካምና ፍላጎት ማጣት ይመጣል። ብዙዎች እዚህ ላይ «ያለ እርሱ አልኖርም» ብለው ይመለሳሉ። ያ ስሜት ግን በመጀመሪያ እጥረት እንደነበረብዎት አያሳይም፤ የራስዎ ምርት ገና እንዳልተመለሰ ብቻ ነው የሚያሳየው። ደምዎን መልሰው የሚለኩበትን ወር አስቀድመው ከሐኪሙ ጋር ይወስኑ፤ ያኔም በባዶ ሆድ፣ ጠዋት፣ ከኤልኤች ጋር።

ቆለጣቸው የተጎዳ፣ ፒቱታሪያቸው በቀዶ ሕክምና የተነካ ወይም የክሮሞዞም ልዩነት ያለባቸው ወንዶች ግን ይህን የማቆም ምክር አይውሰዱት። ለእነርሱ ቴስቶስትሮን ከስሜትም አልፎ ለአጥንትና ለደም ያስፈልጋል፤ ያልተሻላቸው እንደሆነ የሚመለሱት ወደ ተራ ቁጥር 4 እና 5 ነው።